ላልቶ የቀረው ቃል

ውድ ባለቤቴ ታደለ፣

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ገባ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያንተን ደህንነት ለፈጣሪ ሰጥቼ ነው የምኖረው። እኛ ዛሬ ደህና ነን። ባለፈው ሰሞን ግን ደህና አልነበርንም፤ የምጽፍልህም ስለዚያ ነው። ውሎዬን በደብተር የመጻፍ ልማዴን ታውቃለህ፤ የሙዙ ዋጋ፣ የዝናቡ ነገር፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ። ይህኛው ግን ለደብተር የሚነገር አልሆነልኝም። ነገሩ ያንተ ስለሆነ ላንተው ልንገርህ። ልጃችን ሜላትም ታነበዋለችና የምታውቀውን ደግሜ ብነግርህ ታገሠኝ።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ዝገት የበላውን የግቢ በር አስቀየርኩት። ማንጎዋ ዘንድሮ ከልክ በላይ ስለያዘች አንዱ ቅርንጫፏ ተገንጥሎ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወደቀ፤ ጣሪያውን አሠራሁ፣ ማንጎውንም ለባለጣሪያው ተውኩለት። ሜላት ዩኒቨርሲቲውን ጨርሳ ሥራ እያፈላለገች ነው፤ ማመልከቻ መጻፍ ሥራ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ኃላፊ ትሆን ነበር። እህትህ እትዬ ደስታ ካንተ ዓርባ በኋላ ከደጋው ከገረሴ ወርዳ ከኛ ጋር ናት፤ የምትተኛው የሬዲዮ ጽሑፍህን ትለማመድበት በነበረው ክፍል ነው። ስኳር በሽታዋ እንዳለ ነው፤ መርፌዋን ጠዋትና ማታ ራሷ ነበረች የምትወጋው። መጀመሪያ ሰሞን አክብሬ «እርስዎ» ብላት ተቆጣችኝ። «እርስዎ የምትለኝ ባዳ ነኝ?» አለች። እኔን እስከ ዛሬ «አንተ» ነው የምትለኝ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ጎህ ሲቀድ፣ ከጫኖ የመጣ ሙዝ አይሱዙ ላይ እያስጫንኩ ነበር። ጫኞቹ ያልጠናውን ዘለላ ከሥር እንዳይከቱብኝ ዓይኔን ሳልነቅል ቆሜያለሁ። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ስልኩን ከፍቶ ተጋድሟል። «ክቡራን አድማጮቻችን» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ ያንተ ነው። ወደ ጋቢናው ተጠጋሁ። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ማዘር፣ ጋሽ ታደለ አይደሉ እንዴ? እኔ'ኮ ሞተዋል ሲባል ነው የሰማሁት» አለኝ። ሞተዋል አልኩት። ስልኩን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ድምፁን ቀነሰው።

ከፍ አድርገው አልኩት። ያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድምፅህ፣ በብልቃጥ ስለሚሸጥ የቅጠል ጭማቂ ይናገራል። ከሽፈራውና ከሌሎች ቅጠሎች የተቀመመ ነው፣ ስኳር በሽታን ከሥሩ ይነቅላል፣ እኔ ራሴ ድኛለሁ፣ መርፌውን ጣሉት ይላል። መጨረሻ ላይ አንተ ፕሮግራምህን በምትዘጋበት ቃል ዘጋው፦ «ድምፃችን እስከ ደጋው ይሰማል።» ጫኞቹ እየተሰዳደቡ ስለነበር አጥርቼ አልሰማሁትም።

እውነቱን ልንገርህ፤ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንተን ነው። ጡረታ ከወጣህ በኋላ የሠርግ አዳራሽ፣ የዘር መሸጫና የጫማ ቤት ማስታወቂያ ታነብ ነበር። ይህንንም ሳትነግረኝ አንብበህ ይሆን? ዕቃን አገላብጬ ሳላይ ሐሰተኛ ነው አልልም፤ እውነተኛ ነውም አልልም። መኪናው እስኪሞላ ቆሜ ሥራዬን ጨረስኩና ቤት ገባሁ።

የገዛሁትን ዓሣ ላስቀምጥ ማቀዝቀዣውን ስከፍት ሌላ ነገር አየሁ። የእትዬ ደስታ ኢንሱሊን ባለፈው ሳምንት እንዳየሁት ነው። ነጋዴ የሚደነግጠው ዕቃ ሲጎድል ነው፤ እኔ ያን ቀን የደነገጥኩት ባለመጉደሉ ነው። ከኋላው አረንጓዴ ወረቀት የተለጠፈበት ብልቃጥ ቆሟል።

«ታደለ ነግሮኝ ነው» አለችኝ፤ ምሳ በልቻለሁ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጋ። አንዲት ጎረቤት ስልኳ ላይ አሰምታታለች፣ ብልቃጡን ገዝታላታለች፣ ድምፁንም በእትዬ ደስታ ስልክ ላይ ጭናላት ሄዳለች። ጠዋት ጠዋት መርፌ በምትወጋበት ሰዓት አንተን ትሰማለች።

ውሸት ነው አልኳት። «ድምፁን ላላውቅ ነው? ማን አሳደገው?» አለችኝ። እናታችሁ ስትታመም አዝላ ያሳደገችህ እሷ መሆኗን አንተ ነህ የነገርከኝ።

ደግሞ ድምፅህን በማመን እሷ ብቻ አይደለችም። የጠፋ ከብት፣ የተገኘ መታወቂያ፣ የሞተ ሰው፣ የተዛወረ የገበያ ቀን፣ ይህ ሁሉ ባንተ አንደበት ነበር የሚነገረው። ሰው ለቅሶ ለመሄድ የሚነሣው አንተ ስሙን ስታነብ ነው። አንድ ጊዜ በሕይወት ያለ ሰውዬ በስሕተት ሞተ ተብሎ መጥቶልህ፣ ደውለህ ሳታረጋግጥ አላነብም ብለህ ከአለቃህ ጋር እንደተጣላህ አስታውሳለሁ። እንዲህ አድርገህ ያቆየኸውን እምነት ነው ብልቃጥ ውስጥ የከተቱት።

እትዬ ደስታ ደግሞ ድምፅህን ከማንም በላይ እለያለሁ ባይ ናት። አዲስ አበባ ሳለህ፣ በሬዲዮ ድራማ የሙት ልጆችን ርስት የሚነጥቀውን አጎት ሆነህ ስትጫወት፣ አገር ሁሉ ሲረግምህ እሷ ትስቅ ነበር አሉ። «ይሄ ሲጫወት ነው፤ ሲያወራ እንዲህ አይደለም» ትላለች። የድራማው ዝናብ በወንፊት ላይ የሚንከባለል በቆሎ፣ የፈረሱ ኮቴ ጠረጴዛ ላይ የሚመታ ቡሽ መሆኑን ነግረሃት ስለነበር ነጎድጓድ ሲመጣ እንኳ «ቆርቆሮ ነው» ብላ ጎረቤቶቿን ታሳፍራቸው ነበር። እናቴ ግን አልለየችም። ለሥራ አርባ ምንጭ መጥተህ ገበያ ውስጥ ሙዝ ስንት ነው ብለህ ስትጠይቅ ድምፅህን አውቃ፣ «የሙት ልጅ ንብረት ለበላ አልሸጥም፣ ሂድ» ብላ ዘንቢሏን ሸፈነችብህ። ተዋናይ መሆንህን ልታስረዳ በተናገርክ ቁጥር ድምፅህ ይበልጥ አጋለጠህ። እኔ ጎኗ ሆኜ ሸጥኩልህ፤ ዋጋ ጨምሬ። በኋላ ለምን ብለህ ስትጠይቀኝ ለክፋትህ ነው አልኩህ። ሽማግሌ ስትልክም እናቴ «ለዚያ አጎት?» ብላ ስንት አስለመነቻችሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ረቡዕና ሐሙስ እትዬ ደስታ ውኃ መጠጣት አበዛች። ጆጉን ሞልቼ ሄጄ ስመለስ ባዶ ነው። ስኳሯን ልለካ ጣቷን ስፈልግ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቃለች። ዓርብ ጠዋት ከሜላት ጋር ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ መርፌ ስታወጣ እትዬ ደስታ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው። «ወንድሜ አትወጋ ብሏል» አለች። ነርሷ አባበለቻት፣ ለመነቻት፤ መጨረሻ ላይ ሳትፈቅድ በግድ አልወጋትም አለችን። ይዘናት ተመለስን።

በዚያው ቀን ብልቃጡ ላይ በተጻፈው ስልክ ደወልኩ። ከምዕራብ ዓባያ የምደውል አከፋፋይ ነኝ አልኩ። ሰውዬው ደስ አለው። በብዛት ስወስድ ምን ያህል ትቀንስልኛለህ፣ ማጓጓዣው በማን ነው፣ የተሰበረ ብልቃጥ ቢኖር ኪሳራውን ማን ይችላል እያልኩ አግባባሁት። ከተግባባን በኋላ፣ እኛ ዘንድ ሰው የሚገዛው በማስታወቂያው ነው፣ እውነት እሳቸው ናቸው ወይ አልኩት። «ጋሽ ታደለ ራሳቸው ናቸው እንጂ። ባለፈው ወር ቢሯችን ድረስ መጥተው ነው የቀዱት። እሳቸውም የኛን እየወሰዱ ነው እንዲህ የበረቱት፤ ብታዪያቸው ወጣት ነው የሚመስሉት» አለኝ። እግዜር ያክብራቸው ብዬ ዘጋሁ። ሰው ባሌን ከመቃብር አንሥቶ ሲሸጥልኝ ዋጋ ስከራከር ነበር። አንተን ግን በዚያች ደቂቃ ከጥርጣሬዬ ነጻ አወጣሁህ።

ሜላት ነገሩን አስረዳችኝ። የድሮ ድምፅህን ለኮምፒውተር ይሰጡታል፤ ከዚያ የፈለጉትን ጽፈው ባንተ ድምፅ ያስነብቡታል። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አመለከትን፣ ቃላችንን ተቀበሉን። እትዬ ደስታ ግን፣ «ኮምፒውተር ወንድሜን የት ያውቀዋል?» አለች። ስለ ሻጩ ስነግራት ደግሞ፣ «ነጋዴ እንደሚዋሽ ከኔ አንተ ታውቃለህ፤ ድምፁ ግን የታደለ ነው» አለችኝ። ድምፁ ያንተ ነበር።

እሑድ ከቀትር በኋላ ከአልጋ መነሣት አቃታት። ትራሷን ላስተካክል ጎንበስ ስል ትንፋሿ ሸተተኝ፤ ከልክ በላይ በስሎ መጋዘን ውስጥ የከረመ ሙዝ ሽታ። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ሽታ ሳልፈራ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ከሰው አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም። ሜላት ለነርሷ ደወለች። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት፣ ለነገ አትበሉ አለች። ባጃጅ ጠራን። ባጃጁ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ፣ እትዬ ደስታ የአልጋውን ብረት ጨብጣ አልለቅ አለች። አንሥቶ መጫኑ ቀላል ነበር፤ ክብደት የላትም። ግን እዚያ ደርሳ እጇን ከጭኗ ሥር ብትከትስ? ፈቃዷን ቤት ጥለን ብንሄድ ምን ዋጋ አለው?

«ታደለን አሰሙኝ» አለች። ሜላት እንባዋን እየጠረገች ስልኩን ከፈተችላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጫኚ የለም፣ ጫጫታ የለም፤ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። «ድምፃችን እስከ ደጋው ይሰማል።» አንድ ነገር ጆሮዬን ጎረበጠኝ። ድገሚው አልኳት። ጠብቋል። «ይሰማል» የሚለው ቃል ጠብቋል።

ለሜላት ያልነገርናት ይህን ነው። ወጣት ሆነህ አዲስ አበባ በተቀጠርክ ሰሞን፣ በመጀመሪያው የቀጥታ ሥርጭትህ፣ የጣቢያውን መዝጊያ «ድምፃችን ከሩቅ ይሰማል» የሚለውን አላልተህ አነበብከው። ሲጠብቅ ሰው ድምፁን ይሰማዋል ማለት ነው፤ ሲላላ ድምፁ ራሱ ሰሚ ይሆናል። ፊደሉ አንድ ነው፤ በጋሞኛ አፉን ፈትቶ አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ የገረሴ ልጅ በምን ይለየው? አለቃህ የስቱዲዮው በር ላይ ቆሞ ተቀበለህ። «ድምፅ ጆሮ አወጣ እንዴ?» አለህ። የሥራ ባልደረቦችህ ለብዙ ጊዜ «ባለጆሮው» ሲሉህ ኖሩ። ከዚያ ወዲያ የምታነበውን ሁሉ በሚጠብቀው ፊደል ላይ በቀይ እርሳስ ነጥብ ሳታደርግ ማይክ ፊት ቀርበህ አታውቅም። ከተጋባን በኋላም እኔ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ስለሆነ ጽሑፍህን ታስነብበኝ ነበር፤ እኔ ሳጠብቅ አንተ ነጥብ ታደርጋለህ። የሙዝ ነጋዴ ሆኜ የስንት ሰው ዜና ቀድሜ አውቅ ነበር።

ያን የመጀመሪያ ቀን ግን እትዬ ደስታ ገረሴ ሆና ሰምታሃለች። ያኔ የምታውቀው አማርኛ ጥቂት ነው፤ «ይሰማል» ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር፤ ላልቶ። «ወንድሜ እዚያ ሆኖ ይሰማል» ብላ ለመንደሩ አወራች። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ ካለው ባለሱቅ ደጃፍ እየቆመች ስለ እንሰቱ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ እናታችሁ ሕመም ትነግርህ ጀመር። ሰው ሳቀባት። አንተ ይህን ያወቅከው ለዕረፍት ስትሄድ ነው፤ ስሕተት መሆኑን ልትነግራት አፍህን ከፍተህ ተውከው። አርባ ምንጭ ተዛውረህ የራስህ ፕሮግራም ሲሰጥህ መዝጊያውን አላልተህ ማንበብ ጀመርክ። የአማርኛ መምህራን በደብዳቤ ወቀሱህ። አንዱን ደብዳቤ ራስህ በአየር ላይ አነበብከው፤ አንድም ነጥብ ሳትስት፣ አጣፍጠህ። መምህሩን አመሰገንክና አላልተህ ዘጋኸው። እስከ ጡረታህ እንዲሁ ነበር።

የሰዎቹ ኮምፒውተር ግን አማርኛ ያውቃል። አስተካክሎ አነበበው።

እትዬ ደስታ የመጨረሻ ፕሮግራምህን በካሴት ቀድታ በመቀነቷ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ እንደምታስቀምጥ አውቃለሁ። አወጣሁት። መብራት የለም። ቴፑ ባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል። ሜላት ወደ ሱቅ ሮጠች። የባጃጁ ልጅ አንገቱን በበር አስግጎ፣ «እናቴ፣ ልቁም ወይስ ልሂድ?» አለ። ቁም አልኩት። የእትዬ ደስታ ዓይን ይከደናል፣ ይገለጣል፤ ሲከደን ይቆያል። ስሟን እየጠራሁ ጉንጯን መታ መታ አደርጋለሁ። ልቤ ካሴቱ ላይ ነው። ስንት ዓመት ያልተጫወተ ካሴት ነው፤ ቴፑ ከበላው ሌላ የለንም። ሜላት እያለከለከች ገባች። ድንጋዮቹን በጥድፊያ ስትከት አንዱን አገላብጣ ከተተችው፤ ተቀብያት አስተካከልኩት።

ቴፑ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ መጣህ። ድምፅህ ትንሽ ወፍሯል፣ ካሴቱ ቀስ ብሎ ስለሚዞር። ከመዝጊያህ በፊት የምታደርጋትን ያቺን ጉሮሮ መጥረግ አደረግክና፣ «ድምፃችን እስከ ደጋው ይሰማል» አልክ። ላልቶ። ወዲያው የስልኩን አሰማኋት። ጠብቆ። ምንም አላብራራሁም።

«ድገም» አለች። ደገምኩላት፤ ካሴቱን፣ ቀጥሎ ስልኩን። ግንባሯን ቋጠረች። ስልኩን ለብቻው ጠየቀች፤ ጆሮዋ ላይ አስጠግቼ ያዝኩላት። እስኪያልቅ አዳመጠችና በእጇ ጀርባ ገፋችው። በጋሞኛ ቀስ ብላ አንድ ነገር አለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ቋንቋዋን ያን ያህል አላጣውም፤ ይሄኛው እኔን አይሰማኝም ነው ያለችው፤ ላልቶ። ከዚያ የአልጋውን ብረት ለቃ ክንዷን አንገቴ ላይ ጣለች። «ምን ቆመሃል? አንሣኝ እንጂ» አለችኝ።

ሆስፒታል እጇን ራሷ ዘረጋች። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ብዙ ቀን ተኝታ ወጣች። ብልቃጡን ለፖሊስ ሰጠሁ። ያቺ ጎረቤታችን መጥታ እግሯ ላይ ወድቃ ስታለቅስ እትዬ ደስታ፣ «አንተም ተሸውደህ ነው» ብላ አነሣቻት።

ከዚያ ጣቢያህ ሄድኩ። ፕሮግራሙን አሁን የያዘው አንተ ያሠለጠንከው ሰው ነው፤ የሚነበበውን ስጡንና እኛ እናንብበው አለኝ። አይሆንም፣ ሚስቱ ትናገር አልኩት። ጽሑፉን ሜላት አዘጋጀችው፣ ነጥቡን እኔ በቀይ እርሳስህ አደረግኩ። ወንበርህ ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። ባለቤቴ ታደለ ካረፈ ሦስተኛው ክረምት ነው፤ ከሞተ በኋላ የተናገረው ነገር የለም፤ በድምፁ ተታላችሁ መርፌያችሁን የተዋችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ አልኩ። ድምፄ ዕቃ የምጠራ አስመስሎኛል፤ አንተ ብትሰማ ትስቅብኝ ነበር። ሳበቃ በመስታወቱ ወዲያ ዝጊው የሚል ምልክት ሰጡኝ። ባንተው መዝጊያ ዘጋሁት። ያ ቃል ላይ ነጥብ አላደረግኩም ነበር። የድምፅ ባለሙያው ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቤት ስገባ እትዬ ደስታ ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀምጣ የድሮውን ጀምራለች። ስለ ማንጎዋ ቅርንጫፍ፣ ስለ ሜላት ሥራ ፍለጋ፣ ሆስፒታል ስላበሏት ጨው አልባ ሾርባ ትነግርሃለች። ሜላት ልትስቅ ነበር፤ ዓይኔን አይታ ተወችው።

እኔ ለሬዲዮ የማወራ ሰው አይደለሁም፤ ታውቀኛለህ። እጽፋለሁ እንጂ። ግን ይህን ቃል እገባልሃለሁ፦ ካሴቱ እስካለ እያሰማሁ፣ ካሴቱ ሲያልቅም አንተ ባልክበት አነጋገር እያልኩ፣ ያን መዝጊያ ከዚህ ቤት አላጠፋውም። ሜላት ከወዲሁ ለምዳዋለች፤ ትክክለኛውንም ያንተንም አስጠንታታለች እህትህ፣ ሁለቱንም በራሷ አማርኛ።

አሁን ጽፌ ስጨርስ ቀይ እርሳስህን አንሥቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ታደለ ይሰማል። ነጥብ የለውም።

ባለቤትህ
ሙሉነሽ